የትኛው ሪዳክታንት? ግምቱ፣ ሙከራውና ያልጠራው ናሙና

ፕሌቱ ላይ የወጣው ነጠብጣብ አንድ ብቻ ነበር። ቲ ኤል ሲ ነው የማወራው፤ ያቺ ጣት የምታክል፣ ሲሊካ የተቀባች፣ ድብልቅን በነጠብጣብ የምትለይ ፕሌት። 4-ቴርት-ቡቲልሳይክሎሄክሳኖን የሚባለውን ኪቶን (ካርቦኒል የሚባል የካርበንና የኦክስጅን ድርብ ቦንድ ያለው ውህድ) በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ወደ አልኮል ቀይሬ ነበር፤ እንዲህ ሃይድሮጅን ሰጥቶ የሚቀይር ነገር ሪዳክታንት ይባላል። አንድ ነጠብጣብ ካለ አንድ ነገር ነው ያለው ብዬ ደስ አለኝ። ኮለም (ውህዶችን የሚለያይ፣ ሲሊካ የተሞላ ቱቦ) ላይ አሳለፍኩት። መጀመሪያ የወጡትን ሁለት ሦስት ቱቦዎች «ያልተቀየረ ኪቶን ይሆናል» ብዬ ደፋኋቸው። የመሃለኞቹን ሰብስቤ ኤን ኤም አር (የትኛው ሞለኪዩል ምን ያህል እንዳለ ከሃይድሮጅኖቹ ሲግናል የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ አየሁ። ሁለቱ የአልኮሉ ቅርጾች፣ ትራንስና ሲስ፣ 98 ለ 2! ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

አስተማሪዬ ደብተሩን አይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ከኮለም በፊትስ ስንት ነበር?» መልስ አልነበረኝም። ያልጠራውን ናሙና ጠብታ እንኳ አላስቀረሁም። በነጋታው ሁሉን ከሀ ጀመርኩ። ያልጠራው ሲለካ 85 ለ 15 አካባቢ ሆነ። ሲሱ የት ገብቶ ነበር? ራሴው በደፋኋቸው ቱቦዎች ውስጥ። ፕሌቷም አጭር ነበረች፣ ናሙናውንም አብዝቼ ጭኜባት ስለነበር ሁለቱ ነጠብጣቦች ተደራርበው አንድ መስለውኛል። 98 ለ 2 የተባለው መራጭነት የሪአክሽኑ ሳይሆን የእኔ የእጄ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ለዚህ ኪቶን የቱን ሪዳክታንት ልጠቀም?» ሲለኝ መልሴ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የትኛው ጠርሙስ እንደሚሻል ነው። ሌላው እንደተሻለ በምን እንደምናውቅ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሰምቶ ይሄዳል።

ጥያቄው የቱ ነው?

መራጭነት ስንል ለሪኤጀንቱ (ፍላስኩ ውስጥ ለምንጨምረው ኬሚካል) ብዙ መንገድ ተከፍቶለት አንዱን ሲያበዛ ማለታችን ነው። መንገዱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሞለኪዩሉ ላይ ኪቶንም ኤስተርም ካለ፣ የትኛውን ይነካል? ይህ የቡድን ምርጫ ነው። ኪቶኑ አጠገብ ድርብ ቦንድ ካለ፣ ሃይድራይዱ (ሪዳክታንቱ የሚሰጠው ሃይድሮጅን) ካርቦኒሉ ላይ ያርፋል ወይስ ራቅ ያለው ካርበን ላይ? ይህ የቦታ ምርጫ ነው። ካርቦኒሉን ከላይ ይመታል ወይስ ከታች? ይህ የፊት ምርጫ ነው። ሦስቱን ሳይለዩ «ጥሩ መራጭ ሪኤጀንት» መፈለግ ገበያ ገብቶ «ጥሩ ዕቃ አላችሁ?» እንደማለት ነው።

መደርደሪያው ላይ ያሉት

ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ የላቡ ሽሮ ነው። ርካሽ ነው፣ ሁሌም አለ፣ ሜታኖል ወይም ኢታኖል ውስጥ ይሠራል። አልዲሃይድና ኪቶን ይቀይራል፤ ተራ ኤስተርን በአብዛኛው ይተወዋል። አንድ ሞል እስከ አራት ሞል ሃይድራይድ ድረስ ሊሰጥ ስለሚችል በሂሳብ ሩብ ሞል ይበቃል። ሰው ግን «ለማንኛውም» ብሎ እጥፍ ይጨምርና፣ ከዚያ «ኤስተሬን ነካብኝ» ብሎ ይማረራል። የመራጭነት ችግር የሚመስለው ብዙ ጊዜ የሚዛን ችግር ነው።

ሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ ሌላ ፍጥረት ነው። ኤስተር፣ ካርቦክሲሊክ አሲድ፣ አማይድ፣ ያገኘውን ሁሉ ይቀይራል። ውሃ ካገኘው ሃይድሮጅን እየለቀቀ ይነዳል። ስለዚህ ደረቅ ኢተር ወይም ደረቅ ቲ ኤች ኤፍ፣ ናይትሮጅን፣ ደረቅ ፍላስክ ይፈልጋል። ሲያልቅም ጣጣው አያልቅም፤ አሉሚኒየሙ እንደ ገንፎ ይወፍርና ማጣሪያውን ይደፍናል። እኔ የማውቀው መፍትሔ ይህ ነው፦ በረዶ ላይ አስቀምጦ፣ ለአንድ ግራም ሃይድራይድ በጣም በዝግታ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ቀጥሎ 1 ሚሊ ሊትር 15 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ከዚያ 3 ሚሊ ሊትር ውሃ። ነጭ አሸዋ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ በቀላሉ ይጣራል። ኪቶን ብቻ ለመቀየር ይህን ጠርሙስ መክፈት ግን ዝንብን በመጥረቢያ ማባረር ነው። የፊት ምርጫውም ቢሆን አይበልጥም። በቅድሙ ኪቶን ላይ እንደ ቦሮሃይድራይዱ ትራንሱን ያበዛል፤ ልዩነታቸው ጥቂት ነው።

ሲሱን ከፈለጋችሁ ጨዋታው ይቀየራል። ትንሹ ሃይድራይድ ቀለበቱን በአክሲያል በኩል (ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቀጥ ባለው አቅጣጫ) ይገባበታል፤ ስለዚህ ኦኤቹ (አልኮል የሚያሰኘው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ወደ ጎን ተገፍቶ ትራንስ ይሆናል። ኤል-ሴሌክትራይድ ቦሮኑ ላይ ሦስት ትልልቅ ሴክ-ቡቲል ቡድኖችን ተሸክሟል። በዚያ ጠባብ በር መግባት ስለማይችል በጎን ይመጣል፤ ሲሱ ከ90 በመቶ በላይ ይሆናል። ይህን ሪኤጀንት ያስተዋወቁት ኸርበርት ብራውንና ክሪሽናሙርቲ ናቸው፣ በ1972 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብራውን ቀደም ሲል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሽሌሲንገር ጋር በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ግኝት የተሳተፉት ናቸው፤ በ1979 የኖቤል ሽልማትን ከቪቲግ ጋር ተጋርተዋል። ኤል-ሴሌክትራይድ ውድ ነው። የሚሠራውም በተለምዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነው። ድራይ አይስ በማይገኝበት ላብ ደግሞ ይህ ቁጥር የወረቀት ላይ ጌጥ ነው። እንደዚያ ከሆነ በቦሮሃይድራይድ ሠርቶ ሁለቱን በኮለም መለየት ነውር የለውም። ቱቦዎቹን አትድፉ እንጂ።

ኪቶኑ አጠገብ ድርብ ቦንድ ሲኖር የኔ ምርጫ ሉሽ ነው። ዣን-ሉዊ ሉሽ በ1978 ያወጡት ዘዴ ቀላል ነው፦ ሜታኖል፣ ሴሪየም ክሎራይድ ከነ ውሃው፣ ቦሮሃይድራይድ። ደረቅ ፍላስክ አያስፈልግም፣ ናይትሮጅን አያስፈልግም። 2-ሳይክሎፔንቴኖንን በቦሮሃይድራይድ ብቻ ብትመቱት ድርብ ቦንዱም አብሮ ይሄድና ሳይክሎፔንታኖል ይቀርላችኋል። ሴሪየም ሲጨመር ድርብ ቦንዱን የያዘው አሊል አልኮል ከሳይክሎፔንታኖሉ ጋር 97 ለ 3 ይሆናል። ያው ቦሮሃይድራይድ፣ ያው ፍላስክ! ሴሪየሙ ቦሮኑ ላይ ያለው ሃይድሮጅን በሜቶክሲ እንዲተካ ያፋጥናል፤ የሚፈጠረው ሪኤጀንት ድርብ ቦንዱን ትቶ ካርቦኒሉን ይመርጣል። በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ሰዎች ለምን ሁልጊዜ እንደማይጠቀሙበት አይገባኝም።

ተቃራኒውን ከፈለጋችሁ፣ ማለትም ድርብ ቦንዱ ሄዶ ኪቶኑ እንዲቀር፣ ሃይድሮጅንና ፓላዲየም በካርበን ነው መንገዱ። ፓላዲየሙን ሜታኖል ላይ በደረቁ አትበትኑት፤ ይቀጣጠላል። ኤስተርን አልዲሃይድ ላይ ማቆም ለሚፈልግ ደግሞ ዲባል (ዳይአይሶቡቲል አሉሚኒየም ሃይድራይድ) አለ፤ ያለ ከባድ ቅዝቃዜ ግን አያምርበትም።

በነገራችን ላይ ከሁላችንም በፊት ኪቶን ሪዲውስ ማድረግ የጀመረው ዕፅዋት ነው። ትኩስ የጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ኪቶን ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ አልኮል፣ በብዛት ወደ ካቲን፣ ይቀየራል፤ ካቲን ደግሞ ከካቲኖን ደከም ያለ ነው። የአወዳይ ነጋዴ መኪና ለምን እንደዚያ እንደሚበር ኬሚስት ሆኖ ለሚያየው ነገሩ የአንድ ካርቦኒል ጉዳይ ነው።

አርቴሚሲኒን፦ ደንቡ ሲሰበር

«ቦሮሃይድራይድ ኤስተር አይነካም» ብያችኋለሁ። አሁን ልካደው።

ኮአርተምን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። አገራችን በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ መድኃኒት አድርጋ የወሰደችው አርቴሜተርንና ሉሜፋንትሪንን አንድ ላይ ነው። በተለመደው ኪኒን ውስጥ 20 ሚሊግራም አርቴሜተር አለ። ያ አርቴሜተር የሚሠራው አርቴሚሲያ አኑዋ ከሚባለው ዕፅ ከሚወጣው አርቴሚሲኒን ነው። የሥራው የመጀመሪያ ደረጃ ደግሞ ሪዳክሽን ነው።

ሞለኪዩሉን ተመልከቱት። በአንድ በኩል ላክቶን አለው፤ ላክቶን ማለት ቀለበት የሠራ ኤስተር ነው። በሌላ በኩል ሁለት ኦክስጅን የተያያዙበት የፐርኦክሳይድ ድልድይ አለው። መድኃኒትነቱ ያለው ድልድዩ ላይ ነው፤ እሱ ከተሰበረ የቀረው ነገር ወባን አይገድልም። አሁን የመማሪያ መጽሐፍ ይዛችሁ ገምቱ። የኦክስጅንና የኦክስጅን ቦንድ ደካማ ነው። ኤስተር ለቦሮሃይድራይድ ጠንካራ ነው። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ከተነካ ድልድዩ መሆን ነበረበት፤ ኤስተሩ ዝም ማለት ነበረበት።

የሆነው ግልባጩ ነው። በ1973 ቱ ዩዩና ባልደረቦቻቸው ቻይና ውስጥ አርቴሚሲኒንን በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ሲቀይሩ ዳይሃይድሮአርቴሚሲኒን አገኙ። ላክቶኑ ወደ ላክቶል (አንድ ደረጃ ብቻ ሪዲውስ የሆነ ቀለበት) ተቀየረ፣ እዚያው ላይ ቆመ፣ ድልድዩ ደህና ወጣ። ሥራው ዛሬም ሜታኖል ውስጥ፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እያቀዘቀዙ ይሠራል። ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ያንኑ አርቴሚሲኒን በሃይድሮጅንና ፓላዲየም ብትቀይሩት ደግሞ ድልድዩ አንድ ኦክስጅን አጥቶ ዲኦክሲአርቴሚሲኒን ይሆናል፤ ላክቶኑ እንዳለ ይቀራል። አንድ ሞለኪዩል፣ ሁለት ሪዳክታንት፣ ፍጹም ተቃራኒ ምርጫ። አንዱ መድኃኒት ይሰጣችኋል፣ ሌላው ዱቄት።

ደንቡ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ደንቡ የተሠራው ከተራ ኤስተሮች ነው፤ ይህ ላክቶን ተራ አይደለም። የናንተ ሞለኪዩል ተራ መሆኑንስ ማን ነገራችሁ?

ግምት ከየት ይምጣ?

ሦስት አማካሪ አለ፦ ደንብ፣ የሌሎች ሰዎች ተመሳሳይ ሪአክሽን፣ ኮምፒውተር። እኔ ብዙ ጊዜ የማምነው የመሃለኛውን ነው።

ደንብ አቅጣጫ ይነግራል፣ መጠን አይነግርም። ክራም በ1952 ስለ ካርቦኒል ፊት የሰጡት ደንብ አለ፤ በኋላ ፌልኪን፣ ከዚያም አንና አይዘንስታይን አስተካክለውታል። «ይህኛው ፊት ይበዛል» ይላል። 60 ለ 40 ይሁን 95 ለ 5 ግን ዝም ነው። አጠገቡ ሜታል የሚይዝ ኦክስጅን ካለ ደግሞ ትንበያው ሊገለበጥ ይችላል።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ አንድ ሂሳብ ልሥራላችሁ። በ25 ዲግሪ 10 ለ 1 የሆነ ምርጫ የሚመጣው ከምን ያህል የኢነርጂ ልዩነት ይመስላችኋል? 1.36 ኪሎካሎሪ በሞል። 3 ለ 1 ከሆነ 0.65 ብቻ ነው። 99 ለ 1 ራሱ 2.7 ነው። ኢቴን የሚባለው ቀላሉ ሞለኪዩል ወገቡ ላይ ለመዞር የሚፈልገው 3 ኪሎካሎሪ ያህል ነው። ማለትም ወር ሙሉ የምንለፋለት 10 ለ 1 የዚያችን ሽክርክሪት ግማሽ እንኳ አይሞላም።

አሁን የተለመደው የዲ ኤፍ ቲ (የሞለኪዩልን ኢነርጂ ከኤሌክትሮኖቹ የሚያሰላ የኮምፒውተር ዘዴ) ስሌት ስህተት ከ1 እስከ 2 ኪሎካሎሪ ቢሆንስ? 1.36 ብሎ የሰጣችሁን ቁጥር አንድ ወደ ታች ብታወርዱት 2 ለ 1 እንኳ አይሞላም፤ አንድ ወደ ላይ ብትሰቅሉት ከ50 ለ 1 ያልፋል። ሁለቱ መንገዶች ሲመሳሰሉ ስህተቶቹ ስለሚጠፋፉ ከዚህ የተሻለ የሚመታበት ጊዜ ብዙ ነው። ቢሆንም ኮምፒውተሩን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ለማለት ልጠይቀው እንጂ «ስንት ይሆናል?» ብዬ ገንዘቤን አላስይዘውም። አንድ ሚሊሞል ቦሮሃይድራይድ ፍላስክ ውስጥ መጣል ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው። ስሌቱ ሞዴሉ ተሠርቶ፣ የሞለኪዩሉ ቅርጾች ሁሉ ተፈልገው፣ ሳምንት ይበላል። ሳብስትሬቱ (የሚቀየረው መነሻ ውህድ) ውድ ከሆነ፣ ወይም ሃያ ካታሊስት ውስጥ ሦስቱን መምረጥ ካለባችሁ፣ ያኔ ስሌቱ ዋጋውን ያወጣል።

ቅዝቃዜ ያው ልዩነት ላይ የሚያደርገውን ደግሞ እዩ። 1.36 ሳይለወጥ ፍላስኩ ወደ ከዜሮ በታች 78 ቢወርድ፣ 10 ለ 1 የነበረው 33 ለ 1 ያህል ይሆናል። ሪኤጀንት ከመቀየር በፊት በረዶ መሞከር የሚባለው ለዚህ ነው።

ማን ይመስክር?

ያልጠራው ናሙና። ሌላው ሁሉ የሁለተኛ እጅ ወሬ ነው። ሪአክሽኑ እንዳለቀ፣ ኮለም ሳይነካው፣ ሳይከሸን፣ ጥቂት ሚሊግራም ወደ ኤን ኤም አር ቱቦ ይግባ።

በኔ ኪቶን ላይ እንዲህ ይታያል። ኦኤች የተሸከመው ካርበን ላይ ያለችው ሃይድሮጅን ትራንሱ ላይ 3.5 ፒፒኤም አካባቢ፣ ሰፊና ዝርግ ሆና ትወጣለች። ሲሱ ላይ 4.0 አካባቢ፣ ጠበብ ብላ። ስፋቱ ራሱ ይናገራል፦ አክሲያል ሃይድሮጅን ከጎረቤት አክሲያሎች ጋር 11 ኸርዝ ያህል ትጎተታለች፤ ኢኳቶሪያሏ (ወደ ጎን የተቀመጠችው) ግን የምትጎተተው በጥቂት ኸርዝ ብቻ ነው። ከሁለቱ ሲግናሎች በታች ያለውን ቦታ (ኢንቴግራል) ማካፈል ነው ሥራው። መደራረብ የለም፣ መገመት የለም።

ምርጫው ከፍ ሲል፣ 99 ለ 1 ስትሉ፣ ዓይን ይሸወዳል። እዚህ ላይ የምወዳት ዘዴ አለች። እያንዳንዱ ትልቅ ሲግናል ግራና ቀኙ ላይ ካርበን-13 የሚያመጣቸው ሁለት ትንንሽ አጃቢዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው የትልቁ 0.55 በመቶ ያህል ናቸው። የሚያሰጋችሁ ኢሶመር ከአጃቢው ካነሰ ከ0.55 በመቶ ገደማ በታች ነው ማለት ነው። ተፈጥሮ በነፃ የሰጠችው ሚዛን ነው።

ጂ ሲ (ጋዝ ክሮማቶግራፊ) ካለ ለተናኝ ነገሮች ከኤን ኤም አር የተሻለ ትክክለኛ ቁጥር ይሰጣል። ቲ ኤል ሲ ግን ሪአክሽኑ ማለቁን ይንገራችሁ እንጂ ስለ ምርጫ አትጠይቁት። ከልምዴ ነው።

አሁን ቁጥሩ በእጃችሁ ነው። ግን የምን ቁጥር ነው? ሪአክሽኑ ሲፈጠር የመረጠው ነው ወይስ ከተፈጠረ በኋላ የተስተካከለው? ቡታዳይኢን ላይ ሃይድሮጅን ብሮማይድ ሲጨመር ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ 1,2 ውጤቱ (ሃይድሮጅንና ብሮሚኑ ጎን ለጎን ካርበኖች ላይ ያሉበት) 80 በመቶ ያህል ነው። 40 ዲግሪ ላይ 1,4 ውጤቱ (ዳርና ዳር ያሉበት) 80 በመቶ ያህል ይሆናል። ፈጣኑና የተረጋጋው የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ለማጣራት ንጹሑን ውጤት መልሳችሁ እዚያው ሪአክሽን ውስጥ ክተቱት። ከተቀየረ፣ ቁጥራችሁ ስለ ፍጥነት አይናገርም። ዳይሃይድሮአርቴሚሲኒንም እንዲሁ ነው፤ አልፋና ቤታው ሟሚው ውስጥ እርስ በርስ ስለሚቀያየሩ፣ ቱቦው ላይ የምታነቡት ቁጥር ስለ ቦሮሃይድራይዱ ሳይሆን ስለ ሟሚው ነው።

ሁለት ቡድኖች ከተፎካከሩ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ፍላስክ እኩል አድርጉና ሪኤጀንቱን አሳንሱ። ሪኤጀንቱ ከበዛ ፈጣኑም ዘገምተኛውም ያልቃሉ፣ ፉክክሩም «እኩል ወጡ» ይባላል። ገና 10 ወይም 20 በመቶ ሲሄድ አቁሞ መለካት ነው እውነቱን የሚያወጣው።

ግራና ቀኝ እጅ የመሰሉት ኢናንቲዮመሮች ላይ ኤን ኤም አር ብቻውን ዕውር ነው። አሴቶፌኖንን በኖዮሪ ካታሊስት ወይም በኮሪ፣ ባክሺና ሺባታ ዘዴ ቀይራችሁ «95 በመቶ ኢኢ» (አንዱ እጅ ከሌላው የበለጠበት መጠን) ለማለት ካይራል፣ ማለትም ግራና ቀኙን የሚለይ፣ ኮለም ያለው ኤች ፒ ኤል ሲ (ፈሳሽ በግፊት እያሳለፈ ውህዶችን የሚለይ መሣሪያ) ትፈልጋላችሁ። የብርሃን ማዞሪያ ቁጥር ብቻ ይዞ መምጣት አይበቃም፤ ጥቂት ቆሻሻ ያበላሸዋል። ኤች ፒ ኤል ሲው ላይም ቢሆን አንድ ጫፍ ብቻ ስታዩ አትጨፍሩ፤ ኮለሙ ሁለቱን ጭራሽ የማይለይ ከሆነ ያው አንድ ነው የሚታየው። ሁለቱም እኩል ያሉበትን ራሲሜት ቀድማችሁ አሂዱ፣ ሁለት ጫፍ መለየቱን እዩ፣ ከዚያ የናንተን አስገቡ። ራሲሜቱ ከየት ይመጣል? አሴቶፌኖን፣ ሜታኖል፣ በረዶ፣ አንድ ማንኪያ ጫፍ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ።